ፓይራይት ላይ ዛንቴቱ ምን ሆነ? በኢንፍራሬድ የተያዘ የፍሎቴሽን ጉዳይ

ጋሌና የሚባለው የእርሳስ ማዕድንም ፓይራይት የሚባለው የብረት ማዕድንም ዛንቴት በሚባል ኬሚካል ይንሳፈፋሉ። ሁለቱም ሰልፋይድ (ሜታል ከሰልፈር ጋር የተዋሃደበት ማዕድን) ናቸው፣ ሁለቱም ብረት መስለው ያብረቀርቃሉ፣ አንድ ታንክ ውስጥ ገብተው አንድ አይነት ኬሚካል ተጨምሮባቸው አረፋው ላይ ተያይዘው ይወጣሉ፣ ስለዚህ ኬሚካሉ ሁለቱም ላይ የሚጣበቀው በአንድ መንገድ ነው ብሎ ያሰበ ሰው አይፈረድበትም። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ (አመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ላያቸው በኢንፍራሬድ ሲታይ ግን ጋሌናው ላይ የተገኘው ሌላ፣ ፓይራይቱ ላይ የተገኘው ሌላ ሆኖ ቁጭ አለ። ጽሁፉ ስለዛ ጉዳይ ነው፤ ጥያቄው ከየት መጣ፣ መሳሪያው ምን አሳየ፣ የቱ ጋ ሊያሳስት ይችል ነበር፣ መልሱስ ፋብሪካ ውስጥ ለምን ይጠቅማል የሚለውን በቅደም ተከተል ለማየት እሞክራለሁ።

ፍሎቴሽንን ለማያውቅ ባጭሩ፦ ድንጋዩ ይፈጫል፣ ከውሃ ጋር ይቀላቀላል፣ አየር ይነፋበታል። ውሃ የሚወደው ቅንጣት እዛው ይቀራል፣ ውሃ የሚሸሸው የአየር አረፋ ላይ ተለጥፎ ይወጣል። አብዛኛው ማዕድን በተፈጥሮው ውሃ ስለሚወድ ላዩን የሚቀይርለት ኬሚካል ይፈልጋል፣ ኮሌክተር የሚባለው እሱ ነው። ለሰልፋይዶች ዋናው ኮሌክተር ዛንቴት ነው፤ ከአልኮል፣ ከካርቦን ዳይሰልፋይድና ከአልካሊ ይሰራል፣ ኬሚስቶች ከ1820ዎቹ ጀምረው ቢያውቁትም ለፍሎቴሽን ፓተንት የወጣበት በ1925 ነው፣ ባለፓተንቱ ኬለር የሚባል ሰው ነው። ሞለኪውሉ ባንድ በኩል ሁለት የሰልፈር አቶም ያለበት ኔጋቲቭ ቻርጅ የተሸከመ ራስ፣ በሌላ በኩል ውሃ የማይስማማው የካርቦን ጅራት አለው። ራሱ ማዕድኑን ይይዛል፣ ጅራቱ ወደ ውጪ ይቀራል። እስከዚህ ድረስ ማንም አይከራከርም፣ ጸቡ ያለው ራሱ ማዕድኑን የሚይዘው እንዴት ነው የሚለው ላይ ነው።

ጸብ ስል እያጋነንኩ አይደለም። ታጋርት የሚባል ተመራማሪ ነገሩ ተራ ኬሚስትሪ ነው አለ፦ ዛንቴቱ ገጹ ላይ ካለው ሜታል ጋር ተገናኝቶ የማይሟሟ ጨው ይሰራል፣ ቤከር ውስጥ የእርሳስ ጨው ላይ ዛንቴት ስታፈስ የሚዘቅጠው ነገር ገጹ ላይም ይዘቅጣል ማለት ነው። ሌላው ተመራማሪ ጎዲን አዮን (ቻርጅ ያለው ቅንጣት) በአዮን ይለወጣል አለ፣ ኦክሲዳይዝ የሆነው (ኦክስጅን የለወጠው) ገጽ ላይ ያለው አዮን ይወጣና ዛንቴቱ ቦታውን ይይዛል። ኩክና ኒክሰን በ1950 የለም፣ የሚጣበቀው ቻርጅ የሌለው የአሲዱ ሞለኪውል ነው ብለው መጡ። ከዛ በ1953 ሳላሚና ኒክሰን ጉዳዩን ወደ ኤሌክትሪክ ወሰዱት፦ ማዕድኑ ራሱ ኤሌክትሮድ (ኤሌክትሮን የሚቀበልና የሚሰጥ አስተላላፊ) ነው፣ ዛንቴቱ ኤሌክትሮን ይሰጠዋል፣ ኦክስጅን ደግሞ እዛው ማዕድን ላይ ሌላ ቦታ ኤሌክትሮኑን ይቀበላል አሉ። ያኔ ብዙ ሰው ቶሎ አልተቀበላቸውም።

የታጋርት ሀሳብ ለጋሌና ያምራል፣ ምክንያቱም የእርሳስ ዛንቴት ውሃ ውስጥ የሚሟሟው እዚህ ግባ በማይባል መጠን ነው። ፓይራይት ላይ ስትመጣ ግን ይደናቀፋል። ፌረስ የሚባለው የብረት ዛንቴት ከእርሳሱ ጋር ሲነጻጸር እጅግ የሚሟሟ ነገር ነው፣ በዛ ሂሳብ ከሄድን ፓይራይት በኤትል ዛንቴት ጨርሶ ባልተንሳፈፈ ነበር፣ እሱ ግን ማንም ሳይለምነው ይንሳፈፋል፣ እንዲያውም የፋብሪካ ሰው ራስ ምታት እንዴት ላስቀረው የሚለው ነው። ስለዚህ ፓይራይቱ ላይ ዛንቴቱን የያዘው ብረቱ ካልሆነ ማን ነው?

ይሄ ጥያቄ ለምን ቶሎ አልተፈታም ለሚል ሰው ትንሽ ሂሳብ ላሳይ። ዲያሜትሩ 50 ማይክሮን የሆነ ክብ የፓይራይት ቅንጣት እንውሰድ። የፓይራይት ዴንሲቲ በሴንቲሜትር ኩብ 5 ግራም ገደማ ነው፣ ስለዚህ የ1 ግራም ዱቄት ጠቅላላ የገጽ ስፋት 0.024 ካሬ ሜትር ይሆናል፣ ከአንድ ጥራዝ ወረቀት ግማሽ ገጽ የማይበልጥ ማለት ነው። አንድ የዛንቴት ሞለኪውል የሚይዘውን ቦታ በተለምዶ እንደሚደረገው 0.29 ካሬ ናኖሜትር ብንል፣ ይሄን ገጽ በአንድ ድርድር ለመሸፈን የሚበቃው ፖታሲየም ኤትል ዛንቴት 22 ማይክሮግራም ነው። ወደ ቶን ስትቀይረው 22 ግራም። ፋብሪካዎችም የሚጨምሩት ብዙ ጊዜ በቶን በአስሮች የሚቆጠር ግራም ስለሆነ ሂሳቡ ከሜዳው ጋር አይጣላም (እውነተኛ ቅንጣት ሻካራ ስለሆነ ገጹ ከዚህ ይሰፋል፣ ግን መጠኑን ለመገመት ይበቃል)። እንግዲህ መሳሪያው የሚጠየቀው 1 ግራም ጥቁር ዱቄት ውስጥ ያለችውን 22 ማይክሮግራም ፈልጎ ማግኘት ብቻ ሳይሆን ምን ሆና እንደተቀመጠች ጭምር መናገር ነው።

መጀመሪያ ሰው የሚሮጠው ወደ ቀላሉ ነው፣ ወደ አልትራቫዮሌት። የዛንቴት አዮን 301 ናኖሜትር ላይ ብርሃን በሀይል ይውጣል፣ ሞላር አብዞርቲቪቲው (ብርሃን የመዋጥ አቅሙ መለኪያ) ወደ 17,500 ነው፣ ስለዚህ በሊትር 0.00001 ሞል ብቻ ያለበት ሶሉሽን እንኳን 1 ሴንቲሜትር ኩቬት ውስጥ 0.175 አብዞርባንስ ይሰጥሃል፣ ይሄ ማንኛውም ደህና ስፔክትሮፎቶሜትር የሚያነበው ነው። ማዕድኑን ታስገባለህ፣ ትበጠብጣለህ፣ ታጣራለህ፣ ከ301 ምን ያህል እንደጎደለ ታያለህ፣ የጎደለው ማዕድኑ ላይ ወጥቷል ትላለህ። ግን እዚህ ጋ ቀስ ማለት ነው። አንደኛ፣ ጎደለ ማለት ተጣበቀ ማለት አይደለም፤ ፒኤቹ አሲድ ከሆነ ዛንቴት ራሱን ችሎ ይፈርሳል፣ ወደ አልኮልና ካርቦን ዳይሰልፋይድ ይመለሳል፣ ያኔ 301 ሲወርድ 206 ናኖሜትር አካባቢ ሌላ ፒክ (ብርሃን በብዛት የተዋጠበት ቦታ) ይነሳል፣ ያንን ሳያይ አንዱን ሞገድ ብቻ ያነበበ ሰው ማዕድኑ ብዙ ዛንቴት በላ ብሎ ይጽፋል። ሁለተኛው ደግሞ ዋናው ነው፦ ይሄ ዘዴ የሚነግርህ ውሃው ውስጥ ስለቀረው ነው፣ ገጹ ላይ ስላለው አንዲት ቃል አይናገርም። ስንት ነው ለሚለው ምርጥ ነው፣ ምንድን ነው ለሚለው ዲዳ ነው።

የኢንፍራሬድ ነገር እዚህ ጋ ነው የሚመጣው። ኢንፍራሬድ የሚያየው የአቶሞችን ትስስር ንዝረት ነው፣ ዛንቴት ውስጥ ደግሞ ለዚህ ጉዳይ ቁልፉ በካርቦንና በኦክስጅን መሀል ያለው ትስስር ነው። የሚገርመው ይሄ ፒክ ዛንቴቱ በሆነው ልክ ቦታውን ይቀይራል። ዛንቴቱ ከፖታሲየም ጋር እንደ ተራ ጨው ሲሆን ፒኩ በ1100 እና በ1140 ሞገድ ቁጥር (በአንድ ሴንቲሜትር ውስጥ ያለ የሞገድ ብዛት) መሀል ነው። ከእርሳስ ወይም ከመዳብ ጋር በደንብ ሲተሳሰር ወደ 1200 አካባቢ ይወጣል። ሁለት ዛንቴቶች ኤሌክትሮናቸውን ጥለው በሰልፈራቸው ሲያያዙ፣ ማለትም ዳይዛንቶጅን የሚባለው ቻርጅ የሌለው ዘይት መሰል ነገር ሲሆኑ፣ ከ1240 እስከ 1260 ላይ ይገኛል። ስርአቱ ግልጽ ነው፣ ኤሌክትሮኑ ከሰልፈሮቹ ላይ በተነሳ ቁጥር ፒኩ ከፍ ይላል። ስለዚህ የ1200 እና የ1260 ልዩነት የሁለት ሀሳቦች ልዩነት ነው ማለት ይቻላል፦ 1200 ካየህ የማዕድኑ ሜታል ይዞታል፣ 1260 ካየህ ዛንቴቱ ኤሌክትሮን ሰጥቶ ከወንድሙ ጋር ተጣምሯል።

በወረቀት ላይ እንዲህ ቀላል ነው፣ ዱቄቱ ላይ ግን ሌላ ነው። ሰልፋይድ ማዕድን አየር ላይ ትንሽ ሲቆይ ኦክሲዳይዝ ይሆናል፣ ከዛ ገጹ ላይ ሰልፌት ይፈጠራል፣ የሰልፌት ትልቁ ፒክ ደግሞ 1100 አካባቢ ነው፣ ዛንቴት የሚፈለግበት መንደር መግቢያ ላይ። ናሙናው ውስጥ ትንሽ ኳርትዝ ካለም የሱ ሰፊ ፒክ ከ1000 እስከ 1100 ያለውን ሁሉ ይሸፍናል። ስለዚህ ሰው 1100 አካባቢ እብጠት አይቶ ዛንቴት አገኘሁ ቢል እኔ በበኩሌ አላምነውም፣ ዛንቴት ያልነካው ተመሳሳይ ማዕድን በተመሳሳይ ውሃ ታጥቦ የተነሳ ስፔክትረም (ፒኮቹ የሚታዩበት መስመር) ጎን ለጎን እስኪያሳየኝ ድረስ። ደግነቱ 1200ም 1260ም ከዚህ ጫጫታ ትንሽ ፈንጠር ያሉ ናቸው፣ ያ ባይሆን ይሄ ጉዳይ በኢንፍራሬድ የሚፈታ አልነበረም።

ጋሌናው ቀድሞ ተፈታ። ግሪንለር በ1962 ሊድ ሰልፋይድ (ጋሌና የተሰራበት ነገር) ላይ የዛንቴት ኢንፍራሬድ ጥናቱን አወጣ፣ በቀጣዩ አመት ፖሊንግና ሌጃ ይበልጥ ጠበቅ ያለ ነገር ሰሩ፤ የተፈጨ ማዕድን ከመጠቀም ይልቅ ሊድ ሰልፋይድን በቫኪዩም ውስጥ አትንነው ስስ ፊልም አድርገው አነጠፉት፣ ኦክስጅኑንም በልክ እየሰጡ ተቆጣጠሩት። ይሄ ብልህነት ነው፣ ምክንያቱም ጋሌና ከ3 ማይክሮን በላይ ላለው ኢንፍራሬድ ግልጽ ነው፣ ብርሃኑ ፊልሙን አልፎ ይሄዳል፣ እና የኦክሲዴሽኑ ታሪክ ከመጀመሪያው ስለሚታወቅ ድንጋዩ ካሁን በፊት የት ነበረ እያልክ አትጨነቅም። የተገኘው ሁለት ደረጃ ያለው ነገር ነው፦ ከታች አንድ ድርድር ዛንቴት ከገጹ እርሳስ ጋር አንድ ለአንድ የተሳሰረ፣ በላዩ ላይ ደግሞ እንደ ተራ ዝቃጭ የተደራረበ የእርሳስ ዛንቴት። ሁለቱን የለያቸው እጥበት ነው። የላይኛው በኦርጋኒክ ሶልቨንት (ዘይት መሰል ነገር በሚያሟማ ፈሳሽ) ሲታጠብ ይሄዳል፣ የታችኛው ግን እንቢ ይላል። በዚህ ታጋርትም ሙሉ በሙሉ አልተሸነፈም፣ ሙሉ በሙሉም አላሸነፈም፤ እሱ ያለው ዝቃጭ አለ፣ ግን መጀመሪያ የሚመጣው እሱ አይደለም።

ፓይራይቱስ? ፓይራይት ለኢንፍራሬድ እንደ ጋሌና ቸር አይደለም፣ ጥቁር ነው፣ ይውጠዋል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚደረገው ማዕድኑን ከዛንቴት ጋር አቆይቶ፣ ውሃውን አስወግዶ፣ ገጹ ላይ ያለውን በኦርጋኒክ ሶልቨንት ማውጣትና ሶልቨንቱን ማንበብ ነው። ለዚህ ካርቦን ዳይሰልፋይድ ይመቻል፣ 1200 አካባቢ ራሱ ምንም ፒክ ስለሌለው አይጋርድም (እንደ ክፋቱ ደግሞ በጣም ተቀጣጣይም መርዛማም ነው፣ በዛ ላይ ዛንቴት ሲፈርስ የሚወጣው እሱው ራሱ ስለሆነ ስሌት ውስጥ ይገባብሃል)። ወይ ደግሞ በሄክሴን ታወጣውና በአልትራቫዮሌት ታነበዋለህ፣ ዳይዛንቶጅን 240 እና 283 ናኖሜትር አካባቢ የራሱ ፒኮች አሉት፣ ከ301 ተለይቶ ይታያል። በ1968 ሞሪስ ፉርስተናውና ባልደረቦቹ ኩንና ኤልጊላኒ ያሳተሙት ስራ በርዕሱ ሳይቀር ይሄንኑ ነው የሚለው፣ በፓይራይት ፍሎቴሽን ውስጥ የዳይዛንቶጅን ሚና። ፓይራይቱን ውሃ የሚሸሽ ያደረገው ዳይዛንቶጅኑ ነው አሉ።

እዚህ ጋ ግን የምከራከረው ነገር አለኝ። ሶልቨንት የሚያወጣው ሊወጣ የሚችለውን ብቻ ነው። ፖሊንግና ሌጃ ጋሌና ላይ እንዳሳዩት ከገጹ ጋር የተሳሰረው ድርድር በሶልቨንት አይለቅም። ታዲያ ፓይራይቱን አጥበህ ሶልቨንቱ ውስጥ ዳይዛንቶጅን ብቻ ብታገኝ ገጹ ላይ የነበረው ዳይዛንቶጅን ብቻ ነው ማለት ነው? አይደለም። ሊለቅ የሚችለው ዳይዛንቶጅን ነበር ማለት ነው። ከስሩ ሌላ ነገር ይኑር አይኑር በዚህ መንገድ አይታወቅም። አንድ ስፔክትረም ብቻውን ጉዳዩን ሊዘጋው አይችልም የምለው ለዛ ነው፣ ከውጪ የመጣ፣ ከኢንፍራሬድ ጋር ምንም ዝምድና የሌለው ሌላ ምስክር ያስፈልግ ነበር።

ምስክሩ በ1972 መጣ። ጆሃንስበርግ፣ በደቡብ አፍሪካው ናሽናል ኢንስቲትዩት ፎር ሜታለርጂ፣ አሊሰን፣ ጉልድ፣ ኒኮልና ግራንቪል የሚባሉ ተመራማሪዎች ብዙ ሰልፋይዶችን በተራ ወስደው ሁለት ነገር ለኩ። አንዱ ገጹ ላይ የተፈጠረው ምንድን ነው የሚለው ነው፣ በስፔክትሮስኮፒ (በስፔክትረም ንባብ)። ሌላው ማዕድኑ ራሱ እንደ ኤሌክትሮድ ተይዞ ዛንቴት ሶሉሽን ውስጥ ሲቀመጥ፣ ማንም ከውጪ ኤሌክትሪክ ሳይሰጠው፣ ስንት ቮልት ላይ እንደሚያርፍ ነው። ጥያቄው ቀላል ነው፦ ዛንቴት ወደ ዳይዛንቶጅን እንዲቀየር የሚያስፈልገው ቮልት ይታወቃል፣ ማዕድኑ ከዛ በላይ ካረፈ ዳይዛንቶጅን መፈጠር ይችላል፣ ከታች ካረፈ አይችልም።

የኤትል ዛንቴት ስታንዳርድ ፖቴንሻል (ወደ ዳይዛንቶጅን የመቀየሪያው መነሻ ቮልት) ከሀይድሮጅን ኤሌክትሮድ አንጻር ኔጋቲቭ 0.06 ቮልት ነው። እነሱ የተጠቀሙት በሊትር 0.000625 ሞል ነው፣ ቮልትን ከኬሚካሉ መጠን ጋር በሚያያይዘው የኔርንስት ቀመር ስታሰላው ዳይዛንቶጅን መፈጠር የሚችልበት መስመር 0.13 ቮልት ላይ ያርፋል። ፒኤቹ 7 ነበር። አሁን የተለኩትን እያቸው፦ ፓይራይት 0.22፣ አርሰኖፓይራይትም 0.22፣ ፒሮታይት 0.21፣ ሞሊብደናይት (የሞሊብደነም ማዕድን) 0.16፣ ካልኮፓይራይት (መዳብና ብረት ያለበት ማዕድን) 0.14። ሁሉም ከ0.13 በላይ፣ ሁሉም ላይ የተገኘው ዳይዛንቶጅን። ጋሌና 0.06፣ ቦርናይትም (ሌላ የመዳብ ማዕድን) 0.06፣ ከመስመሩ በታች፣ እነሱ ላይ የተገኘው የማዕድኑ ሜታል ዛንቴት። ስፔክትሮስኮፒውና ቮልት መለኪያው ሳይነጋገሩ አንድ ቃል ሰጡ። የ1953ቱ የሳላሚና የኒክሰን ሀሳብም በዚህ እግር አወጣ።

ለፓይራይት ታሪኩ ይሄ ሆነ ማለት ነው፦ ዛንቴቱ ፓይራይቱ ላይ ኤሌክትሮኑን ይጥላል፣ ፓይራይት ጥሩ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ስለሆነ ኤሌክትሮኑ በውስጡ ሄዶ ሌላ ቦታ ላይ ውሃው ውስጥ ለሟሟው ኦክስጅን ይሰጣል፣ ኤሌክትሮን የጣሉት ዛንቴቶች ሁለት ሁለት እየሆኑ ዳይዛንቶጅን ይሆናሉ፣ ዳይዛንቶጅኑ ውሃ ስለማይወድ እዛው ገጹ ላይ ይቀመጣል። ብረቱ ከዛንቴቱ ጋር ጠንካራ ትስስር መፍጠሩ ግዴታ አይደለም። የብረት ዛንቴት የሚሟሟ መሆኑም ከዚህ በኋላ ችግር መሆኑ ቀረ፣ ለካ ፓይራይት የሚንሳፈፈው በብረት ዛንቴት ምክንያት አልነበረም። ፓይራይት እዚህ ላይ የሚሰራው ስራ የያዥ ሳይሆን የደላላ ነው፣ ከዛንቴት ተቀብሎ ለኦክስጅን ያቀብላል።

ግን ሁሉም ማዕድን ስርአቱን አላከበረም። ኮቬላይት የሚባለው የመዳብ ማዕድን ያረፈው 0.05 ቮልት ላይ ነው፣ ከጋሌናም ዝቅ ብሎ፣ ግን እሱ ላይ የተገኘው ዳይዛንቶጅን ነው። መጀመሪያ ሲያዩት ሙሉ ሀሳቡን የሚያፈርስ ይመስላል። የኔ አስተያየት አያፈርስም ነው፣ ምክንያቱም መዳብ የራሱ መንገድ አለው፦ ባለ ሁለት ቻርጅ የመዳብ አዮን ከዛንቴት ጋር ሲገናኝ ራሱ ኤሌክትሮኑን ይወስድና ባለ አንድ ቻርጅ የመዳብ ዛንቴት ይሆናል፣ በጎን ዳይዛንቶጅን ይወጣል። ይሄ ቤከር ውስጥ ያለ ምንም ማዕድን የሚታይ ነገር ነው። ከኮቬላይት ገጽ የተነሳ መዳብ ካለ የኤሌክትሮዱ ቮልት ሳይፈቅድም ዳይዛንቶጅን ሊገኝ ይችላል ማለት ነው። ካልኮፓይራይትም ቢሆን 0.14 ነው፣ ከመስመሩ አንዲት መቶኛ ቮልት ብቻ በላይ፣ እዛ ላይ እርግጠኛ ሆኖ መናገር እኔን አያስደፍረኝም፣ ኋላም ነገሩ ከዛ የሰፋ ሆኖ ተገኝቷል።

ኋላ ያልኩት ኤቲአር የሚባለው ዘዴ ከመጣ በኋላ ነው። ሀሪክ በ1960፣ ፋረንፎርት በ1961 ለየብቻቸው ያቀረቡት ነው፣ ጨረሩ በጀርመኒየም ወይም በዚንክ ሴሌናይድ ክሪስታል ውስጥ ይንጸባረቅና ከክሪስታሉ ወለል ወደ ውጪ 1 ማይክሮን ገደማ ብቻ ይወጣል። ያ ማለት ማዕድኑን ክሪስታሉ ላይ ጠቅጥቀህ ውሃው እያለ ታነባለህ፣ ውሃው ቀጭን ስለሆነ አይጋርድህም። ከዛ ሁሉንም ሞገድ ባንዴ የሚያነቡት ፎሪየር ትራንስፎርም የሚባሉት መሳሪያዎች ሲመጡ ደካማ ፒክ መቶ ጊዜ ደጋግሞ አንብቦ መደመር ተቻለ። በ1989 ሌፒነን፣ ባሲሊዮና ዩን የማዕድኑን ቮልት ራሳቸው እየተቆጣጠሩ እዛው ውሃ ውስጥ ኢንፍራሬዱን አነበቡት። ማውጣት የለ፣ ማድረቅ የለ። ጋሌና ላይ የተሳሰረው ዛንቴት ቀድሞ፣ ዝቅ ባለ ቮልት መጣ። ፓይራይት ላይ ዳይዛንቶጅን ዋናው ሆኖ ታየ። ካልኮፓይራይት ላይ ደግሞ ሁለቱም፣ የመዳብ ዛንቴትም ዳይዛንቶጅንም። ፓይራይት ላይም ከብረቱ ጋር የተያያዘ ዛንቴት ምልክት አየን ያሉ ተመራማሪዎች አሉ፣ ስለዚህ ሶልቨንት ላይ ያነሳሁት ጥርጣሬ ባዶ ጥርጣሬ አይደለም።

በዚህ መሀል ገጽን በኤክስሬይ የሚያየው ኤክስፒኤስ የሚባለው ዘዴም መጣ፣ ብዙ ሰው ከኢንፍራሬድ የተሻለ ነው ይላል፣ የላይኛዎቹን ጥቂት ናኖሜትሮች ብቻ ስለሚያይ። ለጋሌና እውነት ነው፣ የተሳሰረውን ዛንቴት በደንብ አሳይቷል። ለፓይራይት ግን አንድ ነገር ይታወቅ፦ ኤክስፒኤስ የሚሰራው በከፍተኛ ቫኪዩም ውስጥ ነው፣ ዳይዛንቶጅን ደግሞ ተናኝ ነው። ናሙናውን ካላቀዘቀዝክ ፓምፑ እየሳበ ሳለ ዳይዛንቶጅኑ ተኖ ይሄዳል፣ ከዛ ስፔክትረሙ ንጹህ ፓይራይት ያሳይሃል፣ አንተም ዛንቴት ፓይራይት ላይ አልተጣበቀም ብለህ ትጽፋለህ። ናሙናውን በፈሳሽ ናይትሮጅን አቀዝቅዞ ማስገባት ለዚህ ነው የመጣው። ለኢንፍራሬድ ዱቄቱን ከፖታሲየም ብሮማይድ ጋር ፈጭቶ መጠቅጠቅም የራሱ ጣጣ አለው፣ በመፍጨት ላይ አዲስ ገጽ ይወጣል፣ የፖታሲየሙ ብዛት ደግሞ ራሱ ከናሙናው ጋር ሊለዋወጥ ይችላል።

ይሄ ሁሉ ፋብሪካ ውስጥ ምን ያደርጋል? ብዙ። መዳብ በሚያወጡ ፋብሪካዎች ፓይራይትን ለማስቀረት ኖራ ይጨመራል፣ ፒኤቹን ወደ 11 እና ከዛ በላይ ለማድረስ። ድሮ ኖራው ይሰራል፣ ለምን እንደሚሰራ ግን ሁሉም የየራሱን ይላል። ከዚህ ጉዳይ በኋላ ቢያንስ ዋናው መንገድ ይታያል፦ ፒኤቹ ሲወጣ የኦክስጅን ኤሌክትሮን የመቀበል ጉልበት በያንዳንዱ የፒኤች እርከን በ59 ሚሊቮልት ይወርዳል፣ የዛንቴትና የዳይዛንቶጅን መስመር ግን ፒኤች አያውቅም፣ እዛው 0.13 ላይ ይቆማል፣ በዛ ላይ ገጹ በብረት ሀይድሮክሳይድ ይሸፈናል፣ ከፍ ባለ ፒኤች ዳይዛንቶጅኑም ራሱ መፍረስ ይጀምራል። ጋሌና ደግሞ የሚይዘው በእርሳሱ ስለሆነ በዚህ ልክ አይጎዳም። ሳይናይድና ሶዲየም ሀይድሮሰልፋይድም በከፊል የሚሰሩት ቮልቱን ወደ ታች በመጎተት ነው። መዳብን ከሞሊብደናይት ሲለዩ ሶዲየም ሀይድሮሰልፋይድ በብዛት ይጨመራል፣ ካልኮፓይራይቱ ላይ የነበረው ኮሌክተር እንዲለቅ፣ ሞሊብደናይት ግን በተፈጥሮው ውሃ ስለሚሸሽ ግድ የለውም። ብዙ ቦታ እዛ ደረጃ ላይ በአየር ፋንታ ናይትሮጅን የሚነፋውም ኦክስጅኑ ሀይድሮሰልፋይዱን እንዳይበላውና ቮልቱ ተመልሶ እንዳይወጣ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ ምክንያቱም ከላቦራቶሪ ወደ ፋብሪካ የሚሄድ ሰው የሚጋጨው እዚህ ጋ ነው። እስካሁን ያወራነው ስለ ንጹህ ፓይራይት ነው፣ ፋብሪካ ውስጥ ግን ፓይራይቱ ብቻውን አይኖርም። ድንጋዩ ውስጥ ኦክሲዳይዝ የሆነ የመዳብ ማዕድን ካለ ውሃው ውስጥ የመዳብ አዮን ይኖራል፣ አዮኑ ፓይራይቱ ላይ ይቀመጣል፣ ከዛ በኋላ ዛንቴቱ የሚያገኘው ብረት ሳይሆን መዳብ ነው። እንዲህ አይነት ፓይራይት በኢንፍራሬድ ብታየው 1260ው ብቻ ሳይሆን 1200 አካባቢም ፒክ ይኖርሃል፣ የመዳብ ዛንቴት ነው። እሱ ደግሞ በጣም ትንሽ የሚሟሟና የሚሰነብት ነገር ስለሆነ ኖራ እንደ ድሮው ቶሎ አያስለቅቀውም። ፒኤቹ 11 ሆኖ ፓይራይቱ አሁንም ኮንሰንትሬቱ (ተለይቶ የወጣው ምርት) ውስጥ እየመጣ ከሆነ ኖራ ላይ ኖራ ከመጨመር በፊት የታንኩን ውሃ ለመዳብ አስመርምሮ፣ ከአረፋው ላይ የተወሰደውን ፓይራይት ሳያደርቁ በኤቲአር ማየት ይሻላል፣ 1200 ላይ ያለው ፒክ ካለ ችግሩ ከፒኤቹ ሳይሆን ከመዳቡ ነው።